ቴፑ በላው ያልኩት ካሴት

የጡረታ መታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ካለች ትንሽ ሱቅ ገብቼ ነው ነገሩ የጀመረው። መብራት ጠፍቶ ነበርና ወንበር ሰጥተው ጠብቂ አሉኝ። ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ በጣቷ ትነካካለች። አንዴ ስትነካው አንዲት ሴት ትዘፍናለች፤ ሌላ ቦታ ስትነካው ያቺኛዋ ዝም ትልና ሌላዋ ትቀጥላለች። አራቱን ሰማሁ። አምስተኛዋ ስትጀምር መታወቂያዬ ከእጄ ወደቀ። የምትዘፍነው እኔ ነበርኩ። ሠላሳዎቹን ያጋመስኩ ሴት፣ ጉሮሮዬ ገና ያልሻከረ።

ልጅቷ መታወቂያዬን አንስታ አቀበለችኝና ፈገግ አለች። "ደስ ይላል አይደል እማማ? የጋሞ ዘፈን ነው። ይሄ መተግበሪያ አዲስ ነው፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ጨንቻ ሆኖ አብረው እንዲዘፍኑበት እየሠራን ነው። አንዱን ድምፅ ያጠፉና በሱ ፈንታ እርስዎ ይገባሉ።"

"ድምፁን ከየት አመጣችሁት?" አልኳት።

"ከድሮ ካሴት። ትክክለኛው ቅጂ ነው፤ ማስረጃ ወረቀት ሁሉ አለው።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር ይሆናል። ደስ አላለኝም። ያን ማስረጃ ወረቀት በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ቁጣ የወጣልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

ያኔ ሲቀላ እንዲህ በባጃጅ አልተጨናነቀችም። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ያልራቀ ጊዜ ነው። ከጫኖ የሚመጣው ሙዝ በአህያ ጋሪ ተከምሮ ይገባል፤ ሃምሳ ሳንቲም የያዘ ሰው ልጆቹ የሚጠግቡትን ያህል ይዞ ቤቱ ይሄዳል። ዛሬ በዚያ ዋጋ የሙዝ ልጣጭም አይሰጡህም። ጠዋት ጠዋት ከአባያ ሐይቅ የመጣ ዓሣ በሣር ታስሮ በየበሩ ይሸጣል። ሴቱ ሁሉ ኮንጎ ጫማ ነው የሚያደርገው፤ ዝናብ ሲመጣ ውስጡ ውሃ ይገባና ስትራመጂ ይጮኻል። እኔ ግን መሥሪያ ቤት ስለምውል አንድ ጥቁር የቆዳ ጫማና አንድ ጥብጣብ ያለው ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ ነበረኝ። ጉርዱን ሌሊት ፍራሽ ሥር አስተኝቼ ነው የምተኩሰው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሴቻ ላይ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ሥራው ባህልን የሚመለከት ነበር። የከተማችን ላይኛው ሰፈር ሴቻ ነው፣ ታችኛው ሲቀላ፤ ጠዋት ዳገቱን እወጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ሐይቆች እያየሁ እወርዳለሁ። ካሴት የሚሸጠው ሱቅ መዞሪያው ላይ ነበር። ባዶ ካሴት ስምንት ብር አካባቢ ነው፤ ከኔ ደመወዝ ላይ ቀላል አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከደጋ የወረድን ሴቶች አንዳችን ቤት ተሰብስበን ጥጥ እንፈትላለን። አምስት ነበርን። ሁለቱ እህትማማቾች ናቸው፤ በየፈረቃው የጨርቃ ጨርቅ ሥራ የሚገቡ። ሦስተኛዋ አመነች፣ ግቢዋን ለተማሪዎች የምታከራይ፣ አስም ያለባት፣ ሳቂታ ሴት። አራተኛዋ እማማ ዘነበች ነበረች፤ ሁላችንንም በዕድሜ የምትበልጥ፣ አማርኛን ከገበያ የተማረች፣ አንቺና አንተ የሚቀላቀሉባት። ትንሿ እኔ ነኝ። እየፈተልን የምንዘፍነው ዘፈን አምስት ድምፅ አለው። ስም አልነበረውም። በኋላ ስም ያወጣለት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ፋይሉ ላይ የሚጻፍ ስለፈለገ።

ይህን ዘፈን ማንም ሙሉውን አያውቀውም። እያንዳንዷ የራሷን ድምፅ ብቻ ነው የምታውቀው። የምትገባበትንም ጊዜ የምታውቀው ከሌላዋ ነው። የእማማ ዘነበች ድምፅ አመነች ትንፋሽ ሲያጥራት ነው የሚገባው። አመነች ደህና በሆነችበት ቀን ረጅም ትሄዳለች፤ አስሟ በተነሣባት ቀን ቶሎ ትቆርጣለች፤ እማማ ዘነበች ፊቷን እያየች ትቀበላታለች። ስለዚህ ዘፈኑ ሁለት ቀን አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። አንድ ዓይነት የሚሆነው አለመውደቁ ነው። ማስተማሪያውም እንዲሁ የራሱ መንገድ አለው። እኔ የኔን ድምፅ የተማርኩት ከአክስቴ ነው። ዓመት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ስሰማ ቆይቼ፣ አንድ ቀን ዘፈኑ መካከል ላይ ድንገት አፏን ዘጋች። ሌሎቹ አላቆሙም፤ ጎዶሎውን ይዘው ቀጠሉ። አክስቴ በእንዝርቷ ጫፍ ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ። ገባሁ። ከዚያ ቀን በኋላ እሷ ያንን ድምፅ ዘፍናው አታውቅም። አሮጊቷ ዝም ያለችላት ሴት፣ ቦታው የሷ ይሆናል።

ችግሩ ከተማ ከገባን በኋላ መጣ። እህትማማቾቹ ፈረቃቸው አይገጥምም፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። አመነች ሲያማት ትተኛለች። አምስት ሆነን የምንቀመጥበት እሑድ በወር አንድ ሆነ። ልጆች ሊማሩ ይመጣሉ፣ ሦስት ሴቶች ሲፈትሉ አይተው ይመለሳሉ። እማማ ዘነበች አንድ ቀን እንዝርቷን አስቀምጣ "እኔ ለማን ነው ዝም የምለው?" አለች። ሴት ልጅ አልነበራትም። ከዚያ ወዲያ እሑድ በመጣ ቁጥር ያ ጥያቄ አብሮን ይቀመጥ ነበር።

አመነች ግቢ ውስጥ የተከራየ ሰሎሞን የሚባል ተማሪ ነበር። ከጎጃም የመጣ፣ ቀጭን፣ የውሃ ትምህርት የሚማር፣ ግን ክፍሉ በተፈታታ ሬዲዮ የተሞላ። አንድ እሑድ ቴፑን ይዞ መጣና "ልቅረጻችሁ" ብሎ መካከላችን አስቀመጠው።

"ተወው" አልኩት። "በዚህ ማንም አይማርም። አምስቱንም አንድ ላይ ይዘፍንና ለሰው ቦታ አይተውም። ዝም የሚል ቴፕ ነው የምንፈልገው።"

"ዝም ማለቱንማ ሁሉም ቴፕ ያውቃል" አለ ሰሎሞን። "የኔውማ ዘወትር እየተበላሸ ዝም ይላል፤ የሚያዘፍነው ነው የጠፋው።"

ሣቅን። ግን ነገሩን ነገርኩት፤ የአክስቴን አፍ መዝጋት፣ የእንዝርቱን ጫፍ። ተማሪው በዓይኑ ቆጠረንና "አምስት ቴፕ ያስፈልገናል" አለ።

አምስቱን ቴፕ የሰበሰብንበትን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይፈታል። አንዱ የሰሎሞን፣ አንዱ የጓደኛው፣ አንዱ ከፀጉር አስተካካዩ፣ አንዱ ከሻይ ቤት፣ አንዱን ደግሞ እኔ ከመሥሪያ ቤት ፈርሜ አወጣሁ። በየጭናችን አንድ አንድ አስቀመጥን፤ እንደ ሁልጊዜው ተጠጋግተን፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠን፣ እየፈተልን ዘፈንን። እያንዳንዱ ካሴት የባለቤቱን ድምፅ በጉልህ ይዞ የሌሎቹን ከኋላ በቀጭኑ ያዘ። ከዚያ ሰሎሞን ከጣውላ ረጅም ሣጥን ሠራ። አምስቱ ቴፖች በተርታ ይገባሉ፤ ሁሉም ማጫወቻቸው ተጭኖ ይጠብቃል፤ አንድ የቤት ማብሪያ ማጥፊያ ጎን ላይ አለ። እሱን ቀጭ ስታደርጊው መብራት አምስቱ ጋ እኩል ይደርስና አብረው ይነሣሉ። የአንዱን ድምፅ ትቀንሻለሽ፤ ያ ቦታ ላንቺ ይለቀቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቴፖቹ አንዱ ካንዱ ትንሽ ይዘገያል። ሰሎሞን አፍሮ ሊያስተካክል ሲል እማማ ዘነበች ከለከለችው።

"ተዋት! ያቺ የሻይ ቤቷ ሰነፍ ናት። እኛም ውስጥ ሰነፍ አለ።"

"ማንን ነው?" አለች አመነች።

"አንተን ነዋ!"

አመነች እስክታስል ድረስ ሣቀች። እንዲህ ያለው ሣቋ በኋላ የእማማ ዘነበች ካሴት ላይም ተገኘ፤ የሷን በድጋሚ ስንቀዳ ገብቶ።

ሣጥኑ ሠራ። አራት ወር ያህል፣ ሁለት ሴት ብቻ በተገኘበት እሑድ እንኳን አምስት ድምፅ ይሰማ ነበር። አንዲት የጎረቤት ልጅ የኔን ቦታ ሙሉ በሙሉ ያዘች። ሌላዋ ከእማማ ዘነበች ጎን መቀመጥ ጀምራ ነበር፤ ያቺ አሮጊት ለማን ዝም እንደምትል አገኘች። ካሴቶቹ ላይ ማንም ሌላ ነገር እንዳይቀዳባቸው ብዬ ከጀርባቸው ያሉትን ሁለት ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች በጥርሴ ሰበርኳቸው።

ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ስለ ሣጥኑ ለአለቃዬ ነገርኩት። ማንም አላስገደደኝም። አቶ ግርማ ጥሩ ሰው ነበር፤ ይህን የምለው ላሽሟጥጥ አይደለም። ሰምቶ ወደደው። ከላይ አንድ ባለሙያ አስመጣ፤ ክራባት ያሰረ፣ ካሴቶቹን በጆሮ ማዳመጫ አንድ በአንድ ሰምቶ ፊቱን ያጨማደደ።

"ሐሳቡ ግሩም ነው" አለ። "ቅጂው ግን ቆሻሻ ነው። ይኸው፣ አራተኛው ላይ ሁሉም ይንጫጫሉ። እዚህ ጋ የምታስል አለች። ድምፆቹ ለየብቻ መቀዳት አለባቸው፤ ንጹሕ ሆነው።"

ሰሎሞን ያኔ ተመርቆ ሥራ ወደተመደበበት ሄዷል። ቢኖርስ ምን ይል እንደነበር አላውቅም፤ እሱም የተማረ ሰው ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ግድግዳው በፍራሽ ተሸፈነ። አንድ በአንድ ገባን። ጆሯችን ላይ ማዳመጫ ተደረገ፤ በውስጡ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር አለ። በስንተኛው ጠብታ እንደምንገባ ባለሙያው ቆጥሮ ወስኗል። እማማ ዘነበች ተራዋ ሲደርስ ማዳመጫውን አንስታ አየችው።

"ይሄ ምንድን ነው? ቧንቧ ያፈስሳል?"

"መቁጠሪያ ነው እማማ። ስምንተኛው ላይ ይጀምራሉ።"

"አመነች የት ናት?"

"ውጭ ናት። ብቻዎን ነው የሚዘፍኑት።"

"ታዲያ ማንን ልጠብቅ?"

"ጠብታውን ነዋ!"

"እሱ ትንፋሽ ያጥረዋል?" አለች። ባለሙያው የቀለደች መስሎት ሣቀ። እኔ በሩ ጋ ማስታወሻ ይዤ ቆሜ ነበር። አልሣቅሁም፤ ግን ምንም አልተናገርኩም። ሰባት ጊዜ ዘፈነች። ሰባት ጊዜ አስቆማት። በስምንተኛው ገባች፤ ድምፅዋ ተንጠልጥሎ፣ ፊት እንደሌለው ሰው። "ንጹሕ" አለ።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። "የዘፈኑ ትክክለኛ ዜማ ከዚህ ጋር በተያያዘው ካሴት የተቀዳው መሆኑን እናረጋግጣለን" የሚል። በሦስት ኮፒ፣ በካርቦን፣ ያለ አንድ ስህተት መታሁት። ካሴቱ ለየትምህርት ቤቱ ተበተነ። ባዶ ካሴት ስላለቀ አቶ ግርማ አሮጌዎቹን አምስቱን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

"በነዚህ ላይ ደርበሽ ቅጂ" አለኝ። "ቆሻሻውን ማን ይፈልገዋል?"

"ፕላስቲካቸው ተሰብሯል፤ አይቀዱም" አልኩ።

"ቀዳዳውን በሆነ ነገር ወትፊው።"

ቦርሳዬ ውስጥ እሑድ የተረፈ ባዘቶ ነበር። በዚያ ወተፍኩት። አራቱን በገዛ እጄ ደርቤ ቀዳሁ። የሁለቱን እህትማማቾች፣ የአመነችን፣ የራሴን። የእማማ ዘነበችን ቦርሳዬ ከተትኩና "ይሄኛውን ቴፑ በላው" አልኩት። አንድ ካሴት ቴፕ ሊበላው ይችላል፤ ሁለት ቢባል ማንም አያምንም። ድፍረቴ የበቃው ለአንድ ውሸት ነው።

የሆነው መሥሪያ ቤታችን ባዘጋጀው የዘፈን ውድድር ቀን ሆነ። ሴቻ አዳራሽ ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተራ በተራ ዘፈኑ፤ ሁሉም በስምንተኛው ጠብታ። ልጆቹ ምንም አላጠፉም፤ የሰጠናቸውን ነው የዘፈኑት። በመጨረሻ እነ እማማ ዘነበች ወጡ። እኔ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ስለሆንኩ መወዳደር አይፈቀድልኝም ተብሎ ቦታዬን ያቺ ከሣጥኑ የተማረች ልጅ ይዛለች፤ እኔ ዳኞቹ ጠረጴዛ ጎን ቃለ ጉባኤ ልይዝ ተቀምጫለሁ። አመነች ሳምንቱን ሙሉ ታማ ከርማለች። ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ነበር። ገና እንደጀመረች ትንፋሿ በአጭሩ ተቆረጠባት፤ እማማ ዘነበች ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃት ነበርና ወዲያው ተቀበለቻት፣ ከፍ አድርጋ ያዘችላት፣ አመነች ተንፍሳ እስክትመለስ ድረስ አቆየችው። እንደዚያ ቀን አሳምረው ሲዘፍኑ ሰምቼ አላውቅም።

ዳኞቹ ጠረጴዛው ላይ ካሴቱን ከፍተው አመሳከሩ። የዋና ዳኛው ድምፅ በማጉያ ወጣ። "ይህ ቡድን ከትክክለኛው ዜማ ስለወጣ ከውድድሩ ተሰርዟል።"

"የማን ትክክለኛ?" አለች እማማ ዘነበች ከመድረኩ ላይ።

"የእርስዎው ነው እኮ እማማ! ካሴቱ ላይ የዘፈኑት እርስዎ ነዎት።"

"የገዛ ዘፈኗን ረሳችው!" አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሣቀ። የራሷን ዘፈን ያጠፋች አሮጊት አይተው ሣቁ። ያ ሣቅ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። ግን ከሣቁም የባሰ ነበረ። እማማ ዘነበች ወረቀቱን በዳኛው እጅ አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"አንተ ነህ የጻፍከው፤ ማንበብ ታውቃለህ" አለችኝ፤ እንደ ልማዷ። "ንገራቸው።"

ብዕሬን ይዤ ተቀመጥኩ። አቶ ግርማ እያየኝ ነበር። ከፊቴ ያለው መስመር ላይ "ተሰርዟል" ብዬ ጻፍኩ። ዝም አልኩ።

ጥቂት ጠበቀችኝ፤ አመነችን እንደምትጠብቅ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወረደች። ሲቀላ ድረስ በእግሯ ሄደች አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እሑድ መጥታ ትፈትላለች፤ ትጫወታለች፤ ግን አፏን ለዘፈን አልከፈተችም። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ጥቂት ሳምንት ጠብቃ ቀረች። ሣጥኑን መሥሪያ ቤቱ ወስዶ የታይፕ ወረቀት ማስቀመጫ አደረገው። ሰሎሞን ከተመደበበት አገር "ሣጥናችን እንዴት ነው?" ብሎ ደብዳቤ ጻፈልኝ። አልመለስኩለትም። እማማ ዘነበች ያለ ተተኪ ሞተች። አመነችም ሞታለች። እህትማማቾቹ ወደ ደጋ ተመለሱ። አንዴም ስለዚያ ቀን አላነሡብኝም፤ ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮፒ ቤት ያገኘኋት ወጣት ስሟ ሕሊና ነው። መብራቱ ሲመጣ ቤቴ ይዣት ሄድኩ። ካሴቱን ከዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አወጣሁ፤ ቴፔ አሮጌ ነው፣ ግን ያጫውታል። እማማ ዘነበች ጀመረች። ከኋላዋ እንዝርት ይሽከረከራል፤ አመነች ትስላለች፤ ትሥቃለች። ሕሊና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማች። ልጅቷ ጆሮ አላት። "ሌላ ነው" አለች። "ጭራሽ ሌላ ዘፈን ነው።"

"የናንተው ነው ሌላው" አልኩ።

ስልኳን አውጥታ ልትቀዳ ጠጋ አለች። "እማማ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ይሄ ከኋላ ያለው ጫጫታ እንዳያሳስብዎት፤ በኮምፒዩተር አጠፋዋለሁ። የእሳቸው ድምፅ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።"

ቴፑን አቆምኩት።

"የምትስለው አመነች ናት" አልኳት። "እሷ ስታስል ነው ይቺኛዋ የምትገባው። እሷን ካጠፋሽ ይቺን የሚያስገባት የለም። ከታች ያለችው ቀጭን ድምፅ ደግሞ እኔ ነኝ። የኔን ካሴት ራሴ ደርቤበታለሁ፤ የቀረሁት እዚያ ጫጫታ ውስጥ ብቻ ነው። የምታጠፊው ማንን እንደሆነ እወቂ።"

ፊቷ ቀላ። ስልኳን ዝቅ አድርጋ "እንዳለ ይግባ ታዲያ" አለች።

"ያኛውስ? ትክክለኛ የምትሉት?"

"እሱን ማውጣት..." አመነታች። "ሥራው ሁሉ በሱ ላይ ነው የተሠራው። አለቆቼን ልጠይቅ።"

"እኔም ያኔ አለቃዬን ጠይቄ ነበር" አልኳት።

ካሴቱን አውጥቼ ቆርቆሮው ውስጥ መለስኩት። ሕሊና አላለቀሰችም፤ ወደድኩላት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ "ታዲያ ምን ላድርግ እማማ?" አለች። እንደ ልጅ አልጠየቀችኝም፤ እንደ ሠራተኛ ነው የጠየቀችኝ። ስለዚህ እንደ ሠራተኛ መለስኩላት። ያኔ የመታሁት ማስረጃ ወረቀት ሐሰት ነው ብዬ በእጄ ጽፌ፣ ስሜን ከሥሩ አድርጌ ሰጠኋት። ለአለቆቿ እንድታሳያቸው። ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ፣ የማጉያ ድምፅ በሌለበት፣ እማማ ዘነበች በማትሰማው ቦታ። ይህ ምንም እንደማይክስ አውቃለሁ።

"ስትመለሺ ግን ብቻሽን አትምጪ" አልኳት። "ስልክሽንም ተዪው። አራት ሴት ይዘሽ ነይ። ጉልበት ለጉልበት ትቀመጡና ካሴቱን እከፍትላችኋለሁ። የኔን ቦታ እኔው እይዛለሁ፤ አንቺ ከጎኔ ትቀመጫለሽ፤ ልትማሪው ዓመት ይፈጅብሽ ይሆናል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ዝም እልልሻለሁ።"